ጀልባ ጊቢያችን ውስጥ ሰርተን ከበር ማውጣት እንችላለን?

የክፍለ ከተማችን ስም ላይ ነፋስ አለ። "ነፋስ ስልክ" ድሮ ያለ ሽቦ መልዕክት የሚያስተላልፈውን ራዲዮ የሚጠሩበት ቃል ነው። ነፋሱ አለን፣ ባህሩ ግን የለም። ታዲያ ጀሞ ወይም ላፍቶ ቁጭ ብሎ በሸራ የሚሄድ ጀልባ መስራት እብደት ነው? እስኪ እንየው።

መጀመሪያ ካታማራን ምንድን ነው? ጎን ለጎን ሆነው ከላይ በአግዳሚ የተያያዙ ሁለት ጠባብ ጀልባዎች ማለት ነው። ሰፊ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገለበጥም፣ ከሥሩም እንደ ሌላው የሸራ ጀልባ ከባድ ብረት አይፈልግም። ከተገለበጠ ግን በራሱ አይቃናም።

እንግሊዛዊው ጄምስ ዋራም ከ7 ሜትር ትንሽ የምትበልጥ ካታማራን በእጁ ሰርቶ እ.ኤ.አ. በ1955 ከእንግሊዝ ተነሳ፤ አትላንቲክን አቋርጦም ትሪኒዳድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው መስራት ለሚፈልጉ ሰዎች ንድፍ ሲሸጥ ኖረ።

እኛም ከጨዋታው ውጭ አይደለንም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል "ራ" የተባሉትን ጀልባዎች ያሰራው ከጣና በሄደ ደንገል ነው። የመጀመሪያዋ በ1969 ከሞሮኮ ተነስታ መንገድ ላይ ተበላሸች፣ ሁለተኛዋ በ1970 በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

የደንገል ችግሩ ውሃ መጠጣቱ ነው። "ኮምፖዚት" የሚባለው ይሄንን ይፈታል። ስሙ አያስፈራችሁ፣ ጭቃ ቤት ራሱ ኮምፖዚት ነው። ጭቃው ብቻውን ይሰነጠቃል፣ ጭዱ ብቻውን አይቆምም፣ ሁለቱ ሲቦኩ ግን ግድግዳ ይሆናሉ። ጀልባው ላይ ጭዱ የመስታወት ክር (ፋይበር ግላስ) ነው፣ ጭቃው ደግሞ ሬዚን። መሃል ላይ ቀላል ፎም ይገባና በሁለቱም በኩል ይለበሳል፣ ልክ እንደ ሳንድዊች።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች አሉ፦

1. ነጩን የዕቃ ማሸጊያ ፎም በፖሊስተር ሬዚን ከቀባችሁት ይቀልጣል። ኢፖክሲ አያቀልጠውም፣ ግን ውድ ነው። ለጀልባ የሚመረጠው ጠንካራው የፒቪሲ ፎም ነው።

2. ሬዚንና ሃርድነር ሲቀላቀሉ ይሞቃሉ። አንድ ባልዲ ሙሉ ካዘጋጃችሁ ሊጨስና ሊቃጠል ይችላል። ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ ቀላቅሉ።

3. ኢፖክሲ ብርድ አይወድም። በክረምት ምሽት በላስቲክ መጠለያ ሥር ከሰራችሁ ሳይደርቅ ያድራል፣ እርጥበትም ያበላሸዋል።

4. ትልቁ ነገር ጤና ነው። የፖሊስተር ሽታ ስታይሪን የሚባል ኬሚካል ነው፣ ራስ ያዞራል፣ ሳንባንም ይጎዳል። ተራ የአቧራ ማስክ አያስቆመውም፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ስትፈገፍጉት የሚነሳው አቧራ ደግሞ የመስታወት ብናኝ ነው። በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር በፍጹም አትስሩ።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። የካታማራን ስፋት ብዙ ጊዜ የርዝመቱን ግማሽ ያክላል። 7 ሜትር ጀልባ 3 ሜትር ተኩል ሰፋ ማለት ነው። የጊቢያችሁን በር ለኩት! መፍትሔው የዋራም ዘዴ ነው፦ አግዳሚዎቹ በገመድ ይታሰራሉ፣ ስለዚህ ይፈታሉ። ሁለቱን አካል ለየብቻ አውጥቶ በአይሱዙ ጭኖ ዝዋይ ወይም ላንጋኖ ላይ መገጣጠም ነው።

ሐይቆቻችን ከፍታ ላይ ስለሆኑ አየሩ ስስ ነው። ጣና ላይ፣ ወደ 1,800 ሜትር፣ ያው ነፋስ ሸራውን የሚገፋው ከባህር ጠረፍ በ15 በመቶ ገደማ ባነሰ ጉልበት ነው። ሸራው ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት።

ስለዚህ መልሱ፦ ይቻላል፣ ግን በ7 ሜትር አትጀምሩ። ለአንድ ሰው የምትሆን ታንኳ ስሩ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሳችሁ ሞክሯት።

ጀልባ ባትሰሩም፣ ሰፈራችሁ ጋራዥ ውስጥ በፋይበር የመኪና አካል የሚጠግን ጓደኛ ካላችሁ ተራ ቁጥር 4ን ላኩለት። በየቀኑ የሚተነፍሰው እሱ ነው።