ሸሚዙ ተቃጥሎ ሲመለስ

ላውንደሪ የሰጡትን ሸሚዝ ሊቀበሉ ሄደው ካውያ አቃጥሎት ቢያገኙት ምን ይላሉ? ይህ ጥያቄ በሆላንድ ስትሮክ ወይም ሌላ የአንጎል ጉዳት ንግግራቸውን ላወከባቸው ሰዎች ይቀርባል። የተቃጠለ ሸሚዝ እፊታቸው ተዘርግቶ ጠያቂው እንደ ሠራተኛ ሆኖ መልስ ይጠብቃል።

ፈተናው የአምስተርዳም–ናይሜኸን የዕለት ተዕለት ንግግር መለኪያ፣ ባጭሩ አኔልት ይባላል። ሊዮ ብሎመርትና ባልደረቦቹ ስለ አሠራሩ የጻፉት ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። 10 ሁኔታዎች አሉት፦ የሐኪም ቀጠሮ በስልክ ማዛወር፣ ጫማ ማሳደስ፣ ቀን ሙሉ ስለሚጮኽ ውሻ ለጎረቤት መናገር የመሳሰሉት። ለእያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። የሚታየው መልእክቱ መድረሱ ነው፤ ሰዋስው አይቆጠርም። የአነጋገሩ ጥራት ለብቻው ይመዘናል።

ትክክለኛ አመዛዘን ነው። አፌዝያ፣ ማለትም ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የንግግር መታወክ፣ የያዘው ሰው ማሰቡን አላቆመም። በአብዛኛው ሰው ቋንቋን የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ሲጎዳ፣ አንዱ ታካሚ የሚለውን እያወቀ ቃሉ እምቢ ይለዋል። «ሸሚዝ... ካውያ... ገንዘብ!» ካለ ግን የላውንደሪው ሠራተኛ ገብቶታል። ሌላው ሳይደናቀፍ ያወራል፦ «ያንን ነገር ያመጣሁት ጊዜ እንዲያ ሆኖ፣ ያው ያኛው ነው።» ሸሚዙ መቃጠሉን ግን የሰማ የለም። እንዲህ ያለው ታካሚ ብዙ ጊዜ በትክክል የተናገረ ስለሚመስለው፣ ሰው ግራ ሲጋባበት ይናደዳል።

የሮተርዳም ተመራማሪዎች ሕክምናን የመዘኑት በዚሁ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ጥናት 58 ታካሚዎች ተሳትፈዋል፤ ግማሾቹ በቃላት ትርጉም፣ ግማሾቹ በቃላት ድምፅ ላይ ሠለጠኑ። ሁለቱም ወገኖች ተሻሻሉ፣ ብልጫ ግን አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ደግሞ 152 ሰዎችን ይዞ፣ ስትሮኩ ከደረሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚጀመር የ4 ሳምንት ጥብቅ ልምምድ ቆይቶ ከሚጀመረው እንደማይበልጥ አሳየ። ይህ ሕክምናው አይረዳም ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላመለጧቸው ቤተሰቦች እንዲያውም የሚያጽናና ዜና ነው።

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በሄግ ለሚኖሩ ሐበሾች ሌላ ችግር ይጨመራል። ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ አማርኛውንም ደችኛውንም ይነካል፤ ሁለቱ እኩል ላያገግሙ ይችላሉ። የንግግር ሕክምና ባለሙያው አማርኛ ካልሰማ ልጅ ያስተረጉማል። ልጅ ደግሞ አባቱን ላለማሳፈር የተሰባበረውን አነጋገር አቃንቶ ያቀርባል፤ ባለሙያው ስሕተቱን ሳይሰማው ይቀራል። አባባ «ካውያ» ለማለት «ወንበር» ካሉ፣ «ወንበር ነው ያሉት» ብሎ እንዳለ መንገር ይሻላል። ቃሉ የጠፋው በትርጉሙ በኩል ይሁን በድምፁ፣ ባለሙያው የሚለየው እንዲህ ካሉ ስሕተቶች ነው።