ትሉ ለክኒን፣ ማሳከኩ ለምናብ

ስለ ቅማል ወሬ ሲነሳ ራሱን የማያክ ሰው አይገኝም። ቅማሉ የለም፤ ወሬው ብቻውን ይበቃል። ጀርመን አገር ያሉ የቆዳና የሥነ ልቦና ሐኪሞች ይህንኑ በወግ ፈትነውታል። ሕዝብ ጠርተው ስለ ማሳከክ ንግግር አደረጉ። በግማሹ ንግግር ቁንጫ፣ የእከክ ተባይና የተቧጨረ ቆዳ በምስል አሳዩ፤ በቀረው ግማሽ የሕፃናትን ለስላሳ ገላ። ታዳሚው ሳያውቅ በካሜራ ይቀረጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ውጤት መሠረት ቁንጫው ሲታይ ሰው አብዝቶ ገላውን አከከ፤ የሕፃናቱ ምስል ሲመጣ ቀነሰ። በአዳራሹ አንድም ቁንጫ አልነበረም።

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከቦንጋ እስከ ማሻ በተዘረጋው የቡና አገር ግን ማሳከክ የሳቅ ጉዳይ አይደለም። በፈጣን ወንዞች የምትራባ አንዲት ትንሽ ጥቁር ዝንብ ቡና ለቃሚውን፣ ማር ቆራጩን፣ ውኃ ቀጂዋን ስትነክስ ኦንኮሰርካ የሚባለውን ትል እጭ ታስገባባቸዋለች። ያደገው ትል ከቆዳ ሥር እባጭ ሠርቶ ከዐሥር ዓመት በላይ መኖር ይችላል። የሚፈለፍላቸው በዓይን የማይታዩ እጮች ደግሞ በቆዳው ውስጥ ይርመሰመሳሉ፤ እነሱ ሲሞቱ ቆዳው ይቆጣል። እንቅልፍ የሚነሳ፣ በጥፍር አልበቃ ብሎ በእንጨትና በገል የሚያሳክክ፣ ዓመታት ሲቆጠሩ ቆዳውን አወፍሮ እግሩን ጉራማይሌ የሚያደርግ በሽታ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ዓይን በማጥፋት ይታወቃል፤ በእኛ ደቡብ ምዕራብ ግን ጉዳቱ የሚበረታው ቆዳ ላይ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1939 በዚሁ አካባቢ መኖሩን ዘግበዋል። ኢቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት በካፋና በሸካ ለሕዝብ በጅምላ መታደል የጀመረው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

የእደላው ሥርዓት ቀላል ነው። ሚዛን አይፈለግም፤ ሰው ምልክት ከተደረገበት ዘንግ ጎን ይቆምና በቁመቱ ልክ ከአንድ እስከ አራት ክኒን ይሰጠዋል። ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃንና ነፍሰ ጡር አይወስዱም። ክኒኑ እጮቹን ይገድላል፤ ትልልቁን ትል ግን አይገድለውም፤ ስለዚህ እደላው ለዓመታት ይደጋገማል። ችግሩ የሚመጣው በማግሥቱ ነው። እጮቹ በብዛት ሲሞቱ፣ ለማሳከክ የተሰጠው መድኃኒት ማሳከኩን ለጥቂት ቀናት ሊያብሰው፣ ፊትና እግርንም ሊያሳብጥ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ሰውየው ቀድሞ የሰማው ነገር ይወስናል። ጎረቤቱ «ያ ክኒን መርዝ ነው» ብሎት ከነበረ ማሳከኩ የመመረዝ ምልክት ይሆንበታል፤ ልቡ ይመታል፣ ሰውነቱን ያዳምጣል፣ ባዳመጠ ቁጥር ያሳክከዋል። አዳዩ ቀድሞ «ነገ ትንሽ ቢያሳክክዎት አይደንግጡ፤ እየሞቱ ነው» ብሎት ከነበረ ያው ማሳከክ የመዳን ምልክት ነው። ይህ ማባበያ እንዳይመስል፣ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። የለውዝ አለርጂ ያለባቸው 50 ልጆች ለውዙን በጥቂት በጥቂቱ እየበሉ እንዲለምዱት ሲደረግ፣ ለግማሾቹ አፍ ማሳከክንና የመሳሰሉትን ቀላል ምልክቶች ሕክምናው እየሠራ ስለመሆኑ ማስረጃ አድርገው እንዲያዩ ተነገራቸው። እነዚህ ልጆች ጭንቀታቸው ያነሰ ሆነ፤ የደማቸው ምርመራም ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ አሳየ። ምግቡ አንድ፣ መጠኑ አንድ፤ የተለያየው የተነገራቸው ነገር ነው።

ሂፕኖሲስ የሚባለው ይህንኑ የቃልና የምናብ ኃይል ሆን ብሎ፣ በሥልጠና፣ ሰዓት መድቦ መጠቀም ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊት የሚመጣው አፍዝ አደንግዝ ነው፤ ዓይኑን አፍጥጦ የሰው ልብ የሚሰርቅ ጠንቋይ፣ ወይም በመድረክ ላይ ሰውን እንደ ዶሮ የሚያስጮኽ አጫዋች። ሕክምናው ከዚህ ጋር ጉዳይ የለውም። ሰውየው አይተኛም፤ የሚባለውን ይሰማል፤ ያልፈለገውን እምቢ ይላል፤ ሲሻው ተነሥቶ ይሄዳል። የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ ትኩረቱ ጠቦ ባንድ የሐሳብ ሥዕል ላይ ያርፋል፣ የቀረው ይደበዝዛል።

ታሪኩ የሚጀምረው በውርደት ነው። ፍራንዝ ሜስመር የተባለ ሐኪም በፓሪስ «ከአካሌ የሚፈልቅ ማግኔት ይፈውሳል» እያለ ሀብታሙን ሁሉ ሰብስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ መርማሪ ጉባኤ አቆሙበት፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቩዋዚየ አባላት ነበሩ። በፍራንክሊን የአትክልት ስፍራ የሜስመር ደቀ መዝሙር አንድ የአፕሪኮት ዛፍ «ማግኔት ሞላበት»። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዓይኑን ታስሮ በሌሎች ዛፎች መካከል ተመራ፤ ዛፎቹን እያቀፈ አለፈና አራተኛው ዘንድ ሲደርስ ራሱን ስቶ ወደቀ። ማግኔት የተባለው ዛፍ ግን ገና ርቆ ቆሟል። ጉባኤው «ይህ ሁሉ የምናብ ሥራ ነው» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ለእኔ መዝገቡ መከፈት የነበረበት እዚያ ላይ ነው። ምናብ ልጅን መሬት ላይ ከጣለ፣ ሌላ ምን ማድረግ ይችላል ተብሎ መጠየቅ ነበረበት።

የጠየቁት ቆየት ብለው መጡ። በ1840ዎቹ ጄምስ ብሬድ የተባለ የማንችስተር ቀዶ ሐኪም ማግኔቱን ጥሎ ትኩረቱን አስቀረ፤ ሂፕኖሲስ የሚለው ስምም በእሱ ተለመደ። በዚያው ዘመን ጄምስ ኤስዴይል የተባለ ስኮትላንዳዊ በሕንድ ቤንጋል ይሠራ ነበር። ብዙዎቹ ታካሚዎቹ በትንኝ በሚተላለፍ፣ ከኦንኮሰርካ ጋር በሚዛመድ ትል ምክንያት ትልልቅ እጢ ተሸክመው የመጡ ናቸው። ማደንዘዣ ገና አልተፈለሰፈም። ኤስዴይል በሰመመን አስገብቶ ሲቆርጥ ብዙዎቹ ሕመሙ ሳይሰማቸው አለፉ። እጢውን ያወጣው ግን ቢላዋው ነው። ኤተር የተባለው ማደንዘዣ እ.ኤ.አ. በ1846 ብቅ ሲል ሰመመኑ ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጣ።

ከዘመናችን ምርመራዎች አንዱ በካናዳ ሞንትሪያል የተደረገው ነው። ሰዎች እጃቸውን በ47 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከተቱ። በሂፕኖሲስ ውስጥ «ሙቀቱ ያው ነው፤ ግን አያስጨንቅም» ሲባሉ ጭንቀቱ ቀነሰ፤ ስቃይን ከስሜት ጋር የሚያገናኘው የአንጎል ክፍልም ሥራውን አብሮ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ይህ ሥራ «እያስመሰሉ ነው» የሚለውን ሐሜት በከፊል ዝም አሰኝቷል። ከዚያ በፊት በ1978 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ ጥርስ የተነቀሉ ሰዎች በባዶ መድኃኒት ያገኙት እፎይታ የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው እንደሚጠፋ ታይቷል። ተስፋ ብቻውን ሰውነት የራሱን ማስታገሻ እንዲያመነጭ ያደርጋል ማለት ነው።

በሆስፒታል ደረጃም ሥራው ቀጥሏል። በኒው ዮርክ የጡት ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ 200 ሴቶች ግማሾቹ ለ15 ደቂቃ ያህል ሂፕኖሲስ ተደረገላቸው፤ ሕመሙ፣ ማቅለሽለሹና ድካሙ ከሌሎቹ አነሰላቸው (2007)። በቤልጂየም ሊዬዥ ከ1992 ጀምሮ ሙሉ ማደንዘዣን በሂፕኖሲስና በጥቂት መድኃኒት እየተኩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አክመዋል። ለረዥም ጊዜ ሆዳቸውን ለሚነፋቸውና ለሚቆርጣቸው፣ ምርመራ ግን ምንም ለማያገኝባቸው ሰዎች ደግሞ ከማንችስተር እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው የሆድ ሂፕኖሲስ ዛሬ የታወቀ ሕክምና ነው። ቁስልን በተመለከተ ማስረጃው ከጭንቀት በኩል ይመጣል። በኦሃዮ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን በሚያስታምሙ ሰዎች ክንድ ላይ የተደረገ ትንሽ ቁስል፣ ያ ሸክም ከሌለባቸው ይልቅ ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ ዳነ (1995)። ምናብ ቁስል ይደፍናል ለማለት ይህ አይበቃም፤ ጭንቀት ቁስልን ያዘገያል ለማለት ግን ይበቃል።

ክፍለ ጊዜው ምን ይመስላል? ሆዳቸውን ለዓመታት የሚያማቸው፣ ሐኪም መርምሮ አደገኛ ነገር ያላገኘባቸው አንዲት የቴፒ እናት እንውሰድ። ባለሙያዋ መጀመሪያ ታነጋግራቸዋለች፤ ምን ያስደስታቸዋል፣ የት ሲሆኑ ልባቸው ያርፋል። ከዚያ «እናቴ፣ ግድግዳው ላይ ያችን ነጥብ ይመልከቱ፤ ዓይንዎ ሲከብድ ይጨፍኑት» ትላቸዋለች። ትንፋሻቸው ረዘም እያለ ይሄዳል። ከጫካ የሚወርድ ቀዝቃዛ ምንጭ ታስላቸዋለች፤ እጃቸውን ይከቱታል፣ ጣታቸው ይበርዳል፣ አንጓቸው ድረስ ይደነዝዛል። «አሁን ያንን እጅ አውጥተው ሆድዎ ላይ ያሳርፉት፤ ቅዝቃዜው ይሻገራል።» ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ለሳምንታት ይደጋገማል፤ ኋላ እናቲቱ ቤታቸው ብቻቸውን ያደርጉታል። ለሁሉም እኩል አይሠራም። ከመቶ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት የሚሆነው ሰው ወዲያው ይገባል፣ ያንኑ የሚያህለው ምንም አይሆነውም፣ የቀረው መካከል ላይ ነው።

እዚህ ላይ የቡናው አገር የራሱ ጣጣ አለው። ይህ ሕክምና ከቃል በቀር መሣሪያ የለውም። በሚዛንና በቴፒ ገበያ ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ ሻኪኖኖ፣ ካፊኖኖ፣ መዠንግርኛና አማርኛ ይደባለቃሉ። በአስተርጓሚ መርፌ መውጋት ይቻላል፤ በአስተርጓሚ ሰመመን ማስገባት ግን ከባድ ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ነርሶችንና አዋላጆችን ያስመርቃል፤ ከእነሱ መካከል የአካባቢውን ቋንቋ ጠንቅቀው የሚናገሩት ለዚህ ሥራ ከውጭ ከሚመጣ ስፔሻሊስት የቀረቡ ናቸው።

ደግሞም አገሩ ለሰመመን እንግዳ አይደለም። በካፋ ኤቆ የሚባለው መንፈስ የሚያድርበት አላሞ ሕመምተኛና ችግረኛ ሲቀበል ኖሯል። የዛር ቤት ወግ ደግሞ ያለ ቡናና ያለ ዕጣን አይሆንም፤ ከበሮው ይመታል፣ ባለ ዛሯ ታጓራለች፣ ፈረስ ሆና ትጋለባለች። ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ ይህን ቁጭ ብሎ መዝግቧል። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የዛር ማኅበርን የቡድን ሕክምና ብሎታል፤ ታማሚዋ ብቻዋን አትቀርም፣ ስቃይዋ ስም ያገኛል፣ የሚሰሟት ሰዎች አሉ። ምልከታው ልክ ይመስለኛል። ነገር ግን ከቃልቻ ቤት ደጃፍ ወር ከርሞ ሳንባውን ያስበላው የቲቢ በሽተኛ ጉዳይም አለ፤ የከበሮው ማማር ያንን አያስረሳም።

በውጭም ምናብን ከአቅሙ በላይ የማመን ስሕተት ተሠርቷል። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የካንሰር ታማሚዎች ነጭ የደም ሕዋሳቸው ዕጢውን ሲበላ በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያዩ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ገነኑ። በ1989 ዴቪድ ስፒገል የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ በቡድን እየተነጋገሩ ሂፕኖሲስም የተማሩ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ረዘም ያለ ዕድሜ እንዳገኙ ጻፈ። ራሱ ጥናቱን ደግሞ በ2007 ሲያሳትም ዕድሜው አልረዘመም። ስፒገል ይህን አለመደበቁ ያስመሰግነዋል። ዕጢውን በሐሳብ ማጥፋት አልቻልሽም ተብላ ጥፋቱ በራሷ ላይ የወደቀባት ሴት ግን ሁለት ሸክም ነው የተሸከመችው።

እኛ ዘንድ ጉዳዩን በግልጽ የተናገሩት አባት ነበሩ። ጸበልተኞች የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን እየጣሉ ሲያስቸግሩ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ምእመናኑን መከሩ።

ሂፕኖሲስም ከዚህ የተለየ ቦታ አይጠይቅም። የማይታይ ነገር የሚያይ፣ ድምፅ የሚሰማ ሰው በዚህ መንገድ ባይሞከር ይሻላል፤ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይየው። ያልተመረመረ ሕመምን ማደንዘዝም አደጋ ነው፤ ትርፍ አንጀት እየፈነዳበት ቀዝቃዛ ምንጭ የሚያስብ ሰው ይሞታል። በቴፒ ቆላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያለው ሰው በዚያው ቀን ደሙን ያስመርምር፤ ወባ ከሆነ መድኃኒቱን ይጀምር። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ እስኪለቀው ድረስ ምንጩን ቢያስብ የሚከለክለው የለም።