ደመወዝ ሲዘገይ አበዳሪው ባለሱቁ ነው

በአርባ ምንጭ ገበያ ሁለት ዓይነት ብር ይዘዋወራል። አንደኛው የሙዝ ብር ነው። ከላንቴ፣ ከጫኖና ከሲሌ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ስለሚቆረጥ ብሩም ዓመቱን ሙሉ ይመጣል። ዋጋው ወጣ ወረደ ይላል እንጂ ጨርሶ አይነጥፍም። ሁለተኛው የደመወዝ ብር ነው። ይኸኛው በወር አንዴ ይመጣል። ሲመጣ አንድ ላይ ይመጣል፣ ሲቀርም አንድ ላይ ይቀራል። ሲቀላ ውስጥ ዘይትና ስኳር የሚቸረችረው፣ ሴቻ ላይ ሰርቪስ ቤት የሚያከራየው፣ ምሳ በወር ሒሳብ የሚያበላው ምግብ ቤት ዓይናቸውን የሚጥሉት በዚህኛው ላይ ነው።

የዛሬው ጉዳያችን ይኸው የደመወዝ ብር ነው። የሙዙን ለሌላ ሳምንት እናቆየው።

የመንግሥት ሠራተኛ በአገራችን ገበያ ‹‹የታወቀ ደንበኛ›› ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን ቀኑ ይታወቃል። ስለዚህም ነጋዴው ለገበሬው የማይሰጠውን ዱቤ ለመምህሩ ይሰጠዋል። ብድር ፈልጎ ዋስ አምጣ የተባለ ሰውም መጀመሪያ የሚሮጠው ደመወዝተኛ ዘመድ ጋ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚጻፈው የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ እንደ ቤት ካርታ ባይሆንም ወግ ያለው ወረቀት ነው። የመሥሪያ ቤቶቹ የቁጠባና ብድር ማኅበራትም የቆሙት ከደመወዝ ላይ በሚቆረጥ ገንዘብ ነው። ይህ ሁሉ የተገነባው በአንዲት እምነት ላይ ነው፦ መንግሥት ደመወዝ አያስቀርም።

ይህች እምነት በደቡቡ የአገራችን ክፍል በ2016 ዓ.ም. ክፉኛ ተፈተነች። በወላይታና በሃዲያ ዞኖች መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት ዘገየብን፣ ተቆራርጦ መጣልን እያሉ አቤት ሲሉ ሰነበቱ፤ ትምህርት ቤቶች የተዘጉባቸው ሳምንታትም ነበሩ። ወላይታ ከጋሞ ጋር በአንድ ክልል፣ በአንድ የበጀት ቧንቧ ላይ ያለ ጎረቤት ነው። የጎረቤቱ ነገር አርባ ምንጭ ላይ ለሚነግድ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም።

ለመሆኑ ገንዘቡ የት ሄደ? ነገሩ ከሌብነት ይልቅ በአሠራር የሚገለጽ ነው፤ ነጋዴውም አሠራሩን ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ፌዴራል መንግሥቱ ለክልል ድጎማ ይሰጣል፣ ክልሉ በቀመር ለየወረዳው ያከፋፍላል፣ ወረዳው ደግሞ ከዚያችው ላይ መምህሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና የግብርና ባለሙያውን ይከፍላል። የወረዳ በጀት ማለት በአብዛኛው ደመወዝ ማለት ነው። ቀሪው ለነዳጅ፣ ለወረቀትና ለውሎ አበል ነው። እንግዲህ ከላይ አንድ ነገር ሲቆረጥ የሚነካው ሌላ ምን ይኖራል?

አንድ የተቆረጠ ነገር ደግሞ ነበር፤ የማዳበሪያ ዕዳ። ገበሬው ማዳበሪያውን በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል በዱቤ ይወስዳል፤ ለባንኩ ዋስ የሚሆነው ክልሉ ነው። ገበሬው ሳይከፍል ሲቀር ባንኩ ከክልሉ ሒሳብ ይወስዳል፣ ክልሉም ከወረዳው ድጎማ ላይ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ ማሳ ላይ የተበተነ ማዳበሪያ ዞሮ ዞሮ ከመምህሩ ኪስ ይከፈላል። የቀድሞው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ዋና መቀመጫውን ወላይታ ሶዶ አድርጎ ቢሮዎቹን አርባ ምንጭን ጨምሮ በየከተማው ሲያከፋፍል፣ ዕዳውም ሠራተኛውም አብረው ተከፋፍለዋል።

በጋሞ በኩል ሌላም ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ዞን ለሁለት ተከፈለ። ገረሴ፣ ጋርዳ ማርታ፣ ቁጫ አልፋ፣ ጋጮ ባባ የሚባሉ አዳዲስ ወረዳዎችም ተደራጁ። ለሕዝቡ አስተዳደር ቀረበለት፤ ይህን የሚያጣጥል የለም። ነገር ግን አንድ ወረዳ ሁለት ሲሆን አስተዳዳሪው ሁለት፣ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ሁለት፣ ዘበኛው ሁለት ይሆናል፤ የሚከፋፈለው ድጎማ ግን ያው ነው። ለአዲሶቹ የወረዳ ከተሞች ነጋዴ መጀመሪያ ሠርግ ነበር፦ ቤት ተከራየ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ተገዛ፣ ሻይ ቤት ተከፈተ። ያ ሁሉ ኪራይ ዛሬም የሚጠብቀው ያንኑ የወረዳ ካዝና ነው።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። እንበልና አንድ የሲቀላ ባለሱቅ 40 ደመወዝተኛ ደንበኞች አሉት። እያንዳንዳቸው በወር 2,500 ብር የሚያወጣ ዕቃ በዱቤ ይወስዳሉ። ደመወዝ በጊዜው ሲወጣ ባለሱቁ በማንኛውም ቀን ከ100,000 ብር በላይ ውጭ የለውም። ደመወዝ አንድ ወር ሲዘገይ 200,000 ይሆናል። ደንበኛውን እንዳይከለክል የሠፈር ሰው ነው፣ የልጆቹ አስተማሪ ነው፣ በዚያ ላይ ያለፈውን ዕዳ ይዞበት ይሄዳል። ጅምላ ሻጩ ደግሞ ሒሳቡን በሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ባለሱቁ ከእቁብ ይበደራል፣ ወይም ዕቃ ይቀንሳል፣ ወይም በዘይቱ ላይ ጥቂት ብር ይጨምራል። በዘይቱ ላይ የተጨመረችውን ብር በእጁ የሚከፍለው የሙዝ ነጋዴም አብሮ ይከፍላታል። ከሁለት ወር በኋላ ደመወዙ ሲመጣ ደግሞ ያው 2,500 ብር ይመለሳል እንጂ ያንኑ ዕቃ መልሶ አይገዛም። መንግሥት ከባንክ ቢበደር ወለድ ይከፍላል፣ በግምጃ ቤት ሰነድ ቢበደርም ይከፍላል። ከሲቀላ ባለሱቅ የሚበደረው ግን በነጻ ነው።

እዚህ ላይ ነው የሠራተኛ ማኅበር ጥያቄ የሚመጣው። የዚህ ገጽ አንባቢ ‹‹ማኅበር›› ሲባል ሥራ ማቆም ትዝ ስለሚለው ፊቱን ሊያዞር ይችላል፤ እስቲ ጥቂት ይታገሠን።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ተደራጅተው ከአሠሪያቸው ጋር የመደራደር፣ ሥራ እስከ ማቆም የመድረስ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችንም ይጨምራል፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን በሕግ ይወሰናል ብሎ ይተዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ውጤቱ ምንድነው? በአርባ ምንጭ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው በሕጉ መሠረት ማኅበር አቋቁሞ የኅብረት ስምምነት ሊፈራረም ይችላል። እዚያው ከተማ የሚያስተምረው ወይም መርፌ የምትወጋው ግን ደመወዛቸው ሲዘገይ ከማን ጋር በየትኛው ጠረጴዛ እንደሚቀመጡ የሚነግራቸው ውል የላቸውም።

መምህራን ማኅበር የላቸውም ማለታችን አይደለም። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ስም ነው። ዕድሜ ግን ጉልበት አይደለም። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ማኅበሩ ለሁለት ተሰንጥቆ የስምና የንብረት ክርክሩ እስከ 2000 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ተመላልሷል። የአንደኛው ወገን ሊቀ መንበር ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያትም ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. በእስር ቆይተዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በየሆስፒታሉ ያሉ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ፣ ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያና ስለ መኖሪያ ቤት 12 ጥያቄዎች አቅርበው በከፊል ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ በርካቶችም ታሰሩ። ይህን ያየ የወረዳ ሠራተኛ ደመወዙ ሲዘገይ ዝም ቢል አይፈረድበትም። ዝምታው ግን ለገበያው መጥፎ ነው። ሥራ ማቆም ቢሆን ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል፣ ድርድሩ ይሰማል፣ ነጋዴው ዱቤውን ይሰበስባል። የዘገየ ደመወዝ ግን ማስታወቂያ የለውም። ነጋዴው የሚሰማው መምህሩ ከሱቁ ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ትቶ በጓሮ መሄድ ሲጀምር ነው።

እርግጥ ነው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጠው ይከስራል፣ ሥራ ማቆም ነጻ ነገር አይደለም። ቢሆንም ድርድር የሌለበት ገበያ ይበልጥ ውድ ነው ብለን እናምናለን።

በሌላ በኩል ጭማሪው አለ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ከፍ አለ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000፣ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሆኗል። ለዚህኛው ብቻ 160 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ ወጪ እንደሚጠይቅ መንግሥት ተናግሯል።

ነጋዴ ግን የሚያየው እጅ የሚገባውን ነው፤ እስቲ እናስላው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብር፣ 805 ብር የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። በቀድሞው ደመወዝና በቀድሞው ሠንጠረዥ እጅ ይገባ የነበረው 5,284 ብር ግድም ነበር። ልዩነቱ 3,300 ብር ይጠጋል። ለአንድ ኩንታል ጤፍ አይበቃም፤ ለቤት ኪራይ ጭማሪ ግን አከራዩ ገና ድሮ ቆጥሮታል።

በዶላር ካየነው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ መስከረም 2018 ዓ.ም. ከ140 ብር አልፎ ነበር። በ142 ብር ብናሰላው ዝቅተኛው ደመወዝ ከ19 ዶላር ወደ 42 ዶላር ግድም ወጥቷል። ከፍተኛው ግን ከ359 ወደ 275 ዶላር ግድም ወርዷል። ለአስመጪው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሳሙና፣ ፓስታና የፕላስቲክ ጫማ ፈላጊ አላቸው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን በደመወዝ ይገዛ የነበረው የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ግን ደክሟል።

ጭማሪው ቢታወጅም የሚከፈለው ወረዳ ላይ መሆኑንም አንርሳ። ለ2018 በጀት ዓመት ከጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ለክልሎች ድጋፍ የተመደበው ወደ 315 ቢሊዮን ብር ነው፤ ከ6 ብር 1 ብር ገደማ ማለት ነው። ክልሎች የራሳቸው ገቢ አላቸው፤ የደጋው ወረዳ ግን ከየት ያምጣ? የዲታ፣ የቦንኬና የጨንቻ ገቢ ከእንሰት፣ ከድንችና ከሽመና የሚገኝ ነው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ግብር የሚሰበሰብበት አይደለም።

ስለዚህ ዱቤ ሰጪው ‹‹የመንግሥት ሠራተኛ ነህ ወይ?›› ብሎ መጠየቁ ዛሬ አይበቃውም፤ ‹‹ከየትኛው ካዝና ነው የምትከፈለው?›› ማለት አለበት። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሚከፈለው ከፌዴራል ነው። የዞኑ ባለሙያ ከዞኑ፣ የካምባ መምህር ከወረዳው ይከፈላሉ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ዲግሪ ይዘው አንድ ሱቅ ሊመጡ ይችላሉ፤ ለነጋዴው ግን አንድ ዓይነት ደንበኛ አይደሉም። የሚያስገርመው ደግሞ ጡረተኛው ነው። አበሉ ትንሽ ብትሆንም ሠራተኛው 7 በመቶ፣ መንግሥት 11 በመቶ ከሚያዋጡበት ፈንድ በቀጥታ ስለምትመጣ የወረዳው ካዝና መድረቅ አይነካትም። ከሥራ የተሰናበቱት አባት ሥራ ላይ ካለው ልጃቸው የተሻሉ የዱቤ ደንበኛ የሆኑበት ጊዜ ነው።

ይህ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በመስቀል ሰሞን ነው። በጋሞ መስቀል የዓመቱ ገበያ ነው፤ ሽሮ ሜዳ የሚሸምነው ሳይቀር አገሩ ይገባል፣ ወንዱ ለበሬ ሴቷ ለቅቤ ወራት ያጠራቅማሉ። ደመወዝተኛውም ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር ለቅርጫ ይቧደናል። ከደጋ በሬ የሚያወርድ ነጋዴ ከነሐሴ ጀምሮ የቅቤና የበሬ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የየወረዳው የሐምሌ ደመወዝ መውጣት አለመውጣቱንም ያጣራ። የሐምሌው ካልወጣ የነሐሴውም ይጓተታል፤ በሬውም ተመልሶ ዳገት ይወጣል።