መክፈቻ አይሸመደድም

«ሃያ መክፈቻ በቃልህ ያዝ፣ ማንም አያሸንፍህም» የሚል የቼዝ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። አንድ የሰላ ድንጋይ ተማሪ ልኮልኝ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም! ሁለቱ ተጫዋቾች ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲያንቀሳቅሱ 197,281 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊፈጠር ይችላል። ተጋጣሚህ ሦስተኛው ላይ ከቪዲዮው ከወጣ ሽምደዳህ እዚያው አበቃ።

ደንቡን አንባቢ ያውቃል፤ ልለፈው። ቁም ነገሩ የባለሙያ አእምሮ የሚያከማቸው ምንድን ነው የሚለው ነው። ሆላንዳዊው አድሪያን ደ ግሩት የጀመረውን ምርምር ዊልያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ አጠናከሩት። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለ5 ሰከንድ አሳይተው ሸፈኑት። ማስተሩ በመጀመሪያው እይታ 16 ያህል ጠጠር ወደየቦታው መለሰ፤ ጀማሪው 4 ያህል። ጠጠሮቹ እንዲሁ ሲበተኑ ግን ማስተሩም ከጀማሪው እምብዛም አልተሻለም። የማስተሩ ዓይን ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አይለቅምም፤ ማንበብ የለመደ ሰው ፊደል ሳይቆጥር ቃሉን እንደሚያነብ ሁሉ፣ ማዕዘን የያዘውን ንጉሥ ከፊቱ ከቆሙት ሦስት ወታደሮች ጋር እንደ አንድ ነገር ያያል።

እንዲህ ያለው ጥርቅም የሚገኘው ከሙሉ ጨዋታ ነው። ኩዊንስ ጋምቢት ላይ መሐል ያሉት ወታደሮች ከተቀያየሩ በኋላ ነጭ የቢ ወታደሩን እስከ ቢ5 የሚገፋው ለምንድን ነው? መክፈቻውን ብቻ የሸመደደ መልስ የለውም። ጥቂት ሙሉ ጨዋታ የተከታተለ ግን ሲ6 ላይ ወታደሮቹ ሲቀያየሩ ጥቁር እዚያ ደካማ ወታደር እንደሚቀርበት፣ የነጭ ሩክም በሲ መስመር ቆሞ ያንን ወታደር ሲያስጨንቅ እንደሚውል አይቷል። ገና በአሥረኛው እርምጃ ሠላሳኛውን ያስባል።

የጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ደግሞ ለሽምደዳ ጭራሽ አይመችም። መክፈቻው ወረራ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ስለሌለ ሁለቱም እንደፈቀዳቸው ያሰልፋሉ። የሚጠናው አሰላለፉ ነው፤ እሱንም ዓይንን ከባላጋራ እጅ ሳይነቅሉ። እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሄንሪ ሶልት፣ የትግራይ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ የከበባቸው ሰው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ጠጠር እያነሳ የተሻለውን ያሳይ እንደነበር ጽፏል። (ጨዋታውን ሁሌም ራስ እንዲያሸንፉ ይደረግ ነበር አሉ፤ ይህ ሌላ ሙያ ነው።)

ወደ ምርምሩ ስመለስ መጠንቀቅ አለብኝ። ጎቤና ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት በተበተነ ሰሌዳም ላይ ማስተሩ በጥቂቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ትረካ ትንሽ ተጋንኗል። የልምምድና የተሰጥኦ ድርሻ ስንት ስንት ነው የሚለውም ዛሬም ያከራክራል። ጥርቅም መኖሩ ግን ያን ያህል አያጨቃጭቅም።

ለጥናት የሚመረጠው ጨዋታ የሁለት ኃያላን አቻ ውጤት ባይሆን ይሻላል። እዚያ እያንዳንዱ ዕቅድ ገና ሳይጀመር ይከሽፋል። ተሸናፊው አደጋውን በጊዜ ያላየበት ጨዋታ ላይ ግን ዕቅዱ ከመነሻው እስከ ማቱ ሳይቋረጥ ይታያል።