የኮክ ፓይ በከሰል

ክረምት ላይ ዝናብ ያረገፈውን ኮክ ጎኑ ስለተመታ ማንም አይገዛውም። ለፓይ ግን እሱ ይሻላል፣ በስሏላ!

2 ብርጭቆ ዱቄት ላይ ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ ፈርፍሩና በጥቂት ውሃ ሰብስቡት። እንደ ዳቦ ካሻችሁት ይጠነክራል። ግማሹን ሊጥ ዳምጣችሁ ትሪ ላይ አንጥፉ። ኮኩን ፍሬውን አውጥታችሁ ክተፉና ከስኳርና ከ2 ማንኪያ ዱቄት ጋር ጨምሩበት፤ ዱቄቱ ጭማቂውን ያወፍረዋል። በቀረው ሊጥ ሸፍኑት፤ እንፋሎቱ እንዲወጣ በቢላ ብሱት።

ኦቨን ከሌላችሁ እንደኛ ቤት፣ ልክ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም አድርጉ። ከሰሉ ግን ደጅ ይሁን! ጋዙ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ትልቅ ሰውም አብሯችሁ ይኑር።

ሲበስል ወዲያው አትቁረጡት፣ ካልቀዘቀዘ ይፈሳል። ታናሽ እህቴ ግን መች ትሰማለች!