በደፈረሰ ውኃ በኤሌክትሪክ የሚመሩ ዓሦች

ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጩ እንስሳት በትምህርት ክፍል ሲነገር በምሳሌነት የሚጠቀሰው ብዙውን ጊዜ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ዓሣ ነው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ተማሪ ግን ያን ያህል ርቆ መሄድ አያስፈልገውም። ወንጭት ከጀማ፣ ጀማም ከዓባይ ይቀላቀላል፤ በዓባይ ተፋሰስም ከጢስ ዓባይ በታች ሞርሚሪዴ የተባለው የዓሣ ቤተሰብ ይኖራል።

ይህ ቤተሰብ በአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች ብቻ የሚገኝ ሲሆን ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉት። በአገራችን በባሮና በኦሞም ይኖራል። በጣና ሐይቅ ግን የለም፤ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ አያሳልፍምና። ከዝርያዎቹ አንዳንዶቹ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ታች የታጠፈ ረዥም አፍ አላቸው። የጥንት ግብፃውያን ይህን ዓሣ ያከብሩት ስለነበር ግሪኮች አንዱን ከተማቸውን በእርሱ ስም ኦክሲሪንኩስ፣ ማለትም ሹል አፍንጫ፣ ብለው ጠርተውታል።

የኤሌክትሪኩ ምንጭ በቀጭኑ የጅራት ግንድ ውስጥ የሚገኝ፣ ከጡንቻ ተለውጦ የተሠራ አካል ነው። ሴሎቹ በእጅ ባትሪ ውስጥ እንደሚገቡ የባትሪ ድንጋዮች በተርታ የተደረደሩ በመሆናቸው የየአንዳንዱ ጥቂት ኃይል ይደመራል። እንዲህም ሆኖ የሰው እጅ አይሰማውም። እስከ 350 ቮልት በሚደርስ ኃይል ጠላቱን የሚያደነዝዘው የአምባዛ ዘመድ፣ ማላፕቴሩሩስ፣ የሌላ ቤተሰብ ዓሣ ስለሆነ መምህሩ ሁለቱን ለይቶ ቢያስረዳ ይበጃል።

ታዲያ ይህ ደካማ ኃይል ምን ያደርጋል? መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1951 ሃንስ ሊስማን የተባሉት የካምብሪጅ ተመራማሪ የዚህ ቤተሰብ የቅርብ ዘመድ በሆነው በጂምናርኩስ ላይ ካደረጉት ጥናት ነው። ዓሣው በዙሪያው የኤሌክትሪክ መስክ ይዘረጋል። ድንጋይ ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ የመስኩ መስመሮች ይሸሹታል፤ የትል ገላ ግን ከውኃው ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ ይሰበሰቡበታል። በቆዳው ላይ ያሉት የስሜት ሕዋሳት ይህን ልዩነት ይለያሉ። ሌሎች ሕዋሳት ደግሞ የባልንጀራን ምት ይሰማሉ፤ የምቱ ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ይህን ሁሉ የሚያቀነባብረው አንጎል ብዙ ይፈጃል፦ ግናቶኔሙስ ፒተርሲ በተባለው ዝርያ ሰውነቱ ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን 60 በመቶ ያህሉን አንጎሉ ሲወስድ የሰው አንጎል 20 በመቶ ገደማ ይወስዳል።

በክረምት የደጋው አፈር ታጥቦ ወንዙን ሲያደፈርሰው ዓይን ብዙም አይረዳም፤ ለሌሊት ተጓዡ ሞርሚሪዴ ግን ድፍርሱ ውኃ እንቅፋት አይሆንበትም። በእኔ አስተያየት አስተላላፊና ከልካይ ነገሮችን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል፤ ዓሣውን፣ ድንጋዩንና ትሉን ሥሎ መስመሮቹ ወዴት እንደሚታጠፉ ተማሪዎቹን መጠየቅ ነው።

ስለ ቤተሰቡ ማስተማር ሌላም ምክንያት አለው። በናይጄሪያ የካይንጂ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1968 ተሠርቶ ወንዙ ሐይቅ ሲሆን ቀድሞ በብዛት ይጠመዱ የነበሩት ሞርሚሪዴዎች እጅግ ተመናምነዋል። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም የዓባይን አንድ ክፍል ሐይቅ አድርጎታል። ከግድቡ በላይ የቀሩት ዓሦች ከእንግዲህ የሚፈስ ውኃ የሚያገኙት በዓባይ ላይኛው ክፍልና እንደ ጀማ ባሉት ገባሮች ነው።