ግድግዳ የሚያከራዩ ነጋዴዎች

ነጋዴ ሱቅ ያከራያል፣ መጋዘን ያከራያል፣ መኪና ያከራያል። በጃፓን ከተሞች ደግሞ ግድግዳ የሚያከራዩ አሉ። ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ ይገባል፤ ግድግዳ ሲቧጥጥ አምሽቶ፣ መዳፉ ተልጦ፣ ላቡን ጠርጎ ይወጣል። ገዝቶ የሚሄደው ዕቃ የለም። በሳምንቱ ግን ተመልሶ ይመጣል። የንግዱ ምስጢርም ደንበኛውን በመመለሱ ላይ ነው።

ሥራው «ቦልደሪንግ» ይባላል። ከአራት ሜትር ብዙም በማይበልጥ ሰው ሠራሽ ግድግዳ ላይ ያለ ገመድ መውጣት ማለት ነው። ለሚወድቅ ሰው ከታች ወፍራም ፍራሽ ተነጥፏል። በገመድ የሚወጣበት ግድግዳ ከአሥር ሜትር በላይ ጣሪያ ይፈልጋል፤ ለቦልደሪንግ ግን የቀድሞ መጋዘን፣ የተዘጋ ወርክሾፕ ወይም ጣሪያው ከፍ ያለ የንግድ ሕንፃ ወለል ይበቃል። ቦታ ውድ በሆነባት ቶኪዮ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በከተማዋ ኦጊኩቦና አኪሃባራ የሚገኙት የ«ቢ-ፓምፕ» ቤቶች በስፖርቱ አፍቃሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። በ1998 እና በ2000 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫን ያሸነፈው ዩጂ ሂራያማም በ2010 በሳይታማ ክፍለ ግዛት፣ ኢሩማ ከተማ የራሱን ቤት ከፍቷል።

ሒሳቡ ከበር ይጀምራል

ወደ ሰፈር ጂም የሚሄድ አዲስ ደንበኛ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ቀጥሎ ሊደርስበት የሚችለውን አደጋ ማወቁን የሚገልጽ ቅጽ ይፈርማል፤ ልጅ ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል። ብዙዎቹ ቤቶች ለአንድ ጊዜ የመመዝገቢያ ያስከፍላሉ። የዕለቱ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ 2,000 የን አካባቢ ነው። የመውጫ ጫማና እጅ እንዳያዳልጥ የሚቀባው ነጭ የማግኒዝየም ዱቄት ኪራይ ለብቻው ይታሰባል። አዘውትሮ ለሚመጣ ወርኃዊ ክፍያ አለ። ሰው የሚበዛው ከሥራ መውጫ በኋላና ቅዳሜና እሑድ ነው። የጠዋቱ ሰዓት ጭር ይላል፤ ኪራዩ ግን ይቆጥራል። ስለዚህ ለተማሪዎችና ዘግይተው ለሚገቡ ቅናሽ የሚያደርጉ፣ ለሕፃናት ትምህርት የሚሰጡም አሉ።

ግድግዳው ላይ የሚወጣበት መስመር ሁሉ ደረጃ አለው። እንደ ጁዶና ካራቴ ከ10ኛ «ኪዩ» ተነስቶ ወደ 1ኛ ኪዩ ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ «ዳን» ይባላል። ደረጃው በቀለም ፕላስተር ይታወቃል። ደንበኛው ምልክት የተደረገባቸውን መጨበጫዎች ብቻ ይዞ ከመነሻው እስከ መጨረሻው መድረስ አለበት። አንድ ምሽት 6ኛ ኪዩ ላይ አሥር ጊዜ የወደቀ ሰው ሳይጨርሰው እንቅልፍ አይወስደውም። ለባለቤቱ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም።

ወጪው የት ነው?

ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው። በጀርባው የብሎን መያዣዎች ተቀብረዋል፤ ከፕላስቲክ የተሠሩት መጨበጫዎች በላዩ ይታሰራሉ። አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ግን አይደለም። መስመሮቹ በየጊዜው ይፈታሉ፤ መጨበጫዎቹ ይታጠባሉ፤ ባለሙያዎች ትራፓኖ ይዘው አዲስ መስመር ያስራሉ። የባለሙያው ደሞዝና የመጨበጫው ዋጋ የማያቋርጥ ወጪ ነው። ይህን ወጪ የቆጠበ ቤት ነባር ደንበኞቹን ያጣል፤ ሁሉንም መስመር ጨርሰዋልና። ለጎበዞች ብሎ ከባድ ያበዛ ደግሞ ጀማሪውን ያባርራል። ግድግዳው ለሁለቱም የሚበቃ ፈተና ካልያዘ ገበያው ይነጥፋል።

ፍላጎቱን ያሳደገው አንዱ ምክንያት ኦሊምፒክ ነው። በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ስፖርቱ ለቶኪዮው ውድድር ተመረጠ። በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 2021 በተዛወረው ውድድር ሚሆ ኖናካ የብር፣ አኪዮ ኖጉቺ የነሐስ ሜዳሊያ ለጃፓን አስገኙ። ኖጉቺ በልጅነቷ የተለማመደችው አባቷ በቤተሰቡ የከብት እርባታ ግቢ በሠሩላት ግድግዳ ነው። በፓሪስ 2024 ደግሞ ሶራቶ አንራኩ ብር አገኘ።

ይኸው ወረርሽኝ የንግዱን ደካማ ጎንም አሳይቷል። በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የስፖርት ቤቶች እንዲዘጉ ተጠየቁ። ሱቅ ቢዘጋ ዕቃው ነገ ይሸጣል፤ ያልተወጣበት የግድግዳ ምሽት ግን ለነገ አይቀመጥም። ኪራዩ ሳይቆም ገቢው ቆመ።

በዚህ ዘርፍ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብ ሰው እንግዲህ ከግድግዳው ማማር በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባል። የቤቱ ኪራይ ስንት ነው? መስመሩ በየስንት ጊዜው ይቀየራል? በሩ ለሁለት ወር ቢዘጋ መጠባበቂያው ይበቃል ወይ?